‹‹ወተት›› የማይጻፍበት የፊደል ሳጥን

በ2017 ዓ.ም. የጥር ወር አጋማሽ ላይ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጌዶ ተጉዤ ነበር። ጌዶን ለማያውቁ አንባቢያን፦ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ ጉደርን አልፈው ዳገቱን ከወጡ በኋላ የሚያገኟት፣ የፊንጫው መንገድ የሚገነጠልባት፣ ብርዷ ጋቢ የሚያስደርብ የጨሊያ ወረዳ ከተማ ናት። እኔ ፊደል የቆጠርኩባት ከተማም ናት። የተነሣሁት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደጋግሜ ካጣራሁ በኋላ ነው፤ የምዕራብ ሸዋ ሰው በእነዚህ ዓመታት ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ምን ምን እንደሚጠይቅ አንባቢ አያጣውም።

ለእህቴ ልጅ ስጦታ ይዤ ነበር። ከመርካቶ የገዛሁት፣ በፕላስቲክ ሳጥን የታሸገ፣ ቀለሙ የሚያምር የላቲን ፊደላት ስብስብ ነው። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ሲሆን ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። እናቷ በስልክ ‹‹ማንበብ እንቢ ብሏታል›› ስትለኝ ከርማ ስለነበር፣ እኔም እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ አጎት መፍትሔውን ከሱቅ ገዝቼ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ምሳ ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሳጥኑን ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነውና ‹‹እስቲ ‹ኣነን› ብለሽ ጻፊልኝ›› አልኳት። ኣነን በአፋን ኦሮሞ ወተት ማለት ነው። ልጅቷ ‹ኤ›ን አነሣች፤ ሁለተኛ ‹ኤ› ፈለገች። ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውን ሁሉ ገላበጠችና ቀና ብላ ‹‹ኤሱማ፣ ሌላ የለም›› አለችኝ። (ኤሱማ የእናት ወንድም የሚጠራበት ስም ነው።)

እውነቷን ነው። ‹ኣነን› በቁቤ ሲጻፍ ሦስት ‹ኤ› እና ሦስት ‹ኤን› ይፈልጋል። የመጀመሪያው አናባቢ ስለሚረዝም ፊደሉ ይደገማል፤ ተከትሎት የሚመጣው ‹ን› ስለሚጠብቅ እርሱም ይደገማል። የገዛሁት ሳጥን ግን እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ የተሠራ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ፊደል አንዳንድ ብቻ፣ በድምሩ 26 ይዟል። በዚያ ሳጥን ወተት አይጻፍም። ነገሩ አስገርሞኝ ሌሎች ቃላትንም ሞከርን፦ ሃዸ (እናት)፣ አባ (አባት)፣ መነ (ቤት)። አንዳቸውም አልተጻፉም። አንድ የጌዶ ልጅ በመጀመሪያ ሊጽፋቸው የሚመኛቸው ቃላት በሙሉ ከሳጥኑ ውጭ ቀሩ።

በማግስቱ እህቴ ልጅቷ የምትማርበትን ክፍል እንዳይ ይዛኝ ሄደች። የትምህርት ቤቱን ስም አላነሣም፤ ከብዙዎቹ የተለየ ነገር ስለሌለው ስሙን መጥራት ለብቻው መክሰስ ይሆናል። በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡትን ሕፃናት ቆጥሬ 68 አገኘሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ብቸኛ ነገር አንድ ቸር ሰው በስጦታ የላከው የእንግሊዝኛ ፊደላት ሠንጠረዥ ነው፤ ‹ኤ› ከፖም ሥዕል ጋር፣ ‹ሲ› ከድመት ጋር፣ ‹ኤክስ› ከኤክስሬይ ጋር፣ ‹ዜድ› ከሜዳ አህያ ጋር። ክፍሉ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ግን አፋን ኦሮሞ ነው።

አንባቢዬ ቁቤን የማያውቅ ከሆነ ችግሩ ላይታየው ይችላል፤ ፊደሉ ያው ላቲን አይደለምን? መልኩ አዎን፣ ድምፁ ግን አይደለም። በቁቤ ‹ሲ› የ‹ጭ› ድምፅ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ስም፣ ጨፌ፣ የሚጀምረው በእርሱ ነው። ‹ኤክስ› የ‹ጥ› ድምፅ ነው፤ ጣፊ፣ ማለትም ጤፍ፣ የሚጻፈው በእርሱ ነው። ‹ኪው› የ‹ቅ› ድምፅ ነው። ድመትና ኤክስሬይ የተሣሉበት ያ ሠንጠረዥ እንግዲህ ክፍሉን ቢያስውብም ልጁን ያሳስታል። በእጁ የጤፍ እንጀራ ይዞ የሚመጣ ሕፃን የጤፍን ፊደል አይቶት በማያውቀው የሆስፒታል መሣሪያ ሥዕል እንዲማር ተፈርዶበታል። እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚሰጥም፣ አንዱን ምልክት በጠዋት በአንድ ድምፅ፣ ከረፍት በኋላ በሌላ ድምፅ ማንበብ ግድ ይለዋል። ይህን የሚለይለት መሣሪያ ከሌለ የሚለየው የመምህሩ ትዕግሥት ብቻ ነው።

መምህርቷ ትዕግሥት አላት። ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ማዳበሪያ ስባ አወጣችና ‹‹ኦቦ፣ የእኛን ፊደል ይመልከቱ›› ብላ ዘረገፈችው። ቆርኪ ነው። በአብዛኛው የአምቦ ውኃ ቆርኪ፣ ጥቂት የቢራም አለበት (አንድ ወላጅ በቢራው ቆርኪ ተቆጥተው እንደነበር በሳቅ ነገረችኝ)። ከግሮሰሪ እየለመነች ሰብስባ፣ በመዶሻ ጠፍጥፋ፣ በገዛ ገንዘቧ በገዛችው ማርከር በእያንዳንዱ ላይ ፊደል ጽፋበታለች። አናባቢዎቹ በቀይ፣ ተነባቢዎቹ በጥቁር ናቸው። ቁቤ ደቻ የሚባሉት ጥንድ ፊደላት፣ ለምሳሌ የ‹ዸ› ድምፅ የሚጻፍባቸው ‹ዲ› እና ‹ኤች›፣ በአንድ ቆርኪ ላይ አብረው ተጽፈዋል፤ ልጁ ሁለት ፊደል ቢያይም ድምፁ አንድ መሆኑን በጣቱ ይዞ እንዲያውቅ ነው። ‹‹ከሁሉ የሚያልቅብኝ ቀዩ ‹አ› ነው›› አለችኝ።

አሠራሯን ቆሜ አየሁ። ሁለት ሕፃናት አስወጥታ ‹ገሌ› አስጻፈቻቸው፤ ‹ገባ› ማለት ነው። ከዚያ አንድ ተጨማሪ የ‹ኤል› ቆርኪ ሰጠቻቸውና ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጡት። ቃሉ ጠበቀ፤ ትርጉሙም ‹ገባን› ሆነ። አንዲት ቆርኪ አንድ ሰው የነበረውን ብዙ አደረገችው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ሁለቱን እየለዋወጠ ሲያነብ በአዲስ አበባ የግል አፀደ ሕፃናት በር ላይ የሚለጠፈውን ‹‹ፎኒክስ እናስተምራለን›› የሚል ማስታወቂያ አስታወስኩ። እዚያ ከውጭ የመጣ ባለቀለም ካርድ አለ፤ እዚህ የአምቦ ውኃ ቆርኪ። ድምፅን ከፊደል ጋር የማገናኘቱ ጥበብ ግን አንድ ነው፤ እንዲያውም የቆርኪው ለቋንቋው የተሰፋ ልብስ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በጌዶ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ስለነበር ቤት በአፋን ኦሮሞ እያወራን ክፍል ውስጥ ሀ ሁ እንል ነበር። 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፃቸው፣ በድምሩ 231ዱን፣ በዜማ እናወርዳቸዋለን። መምህራችን ግን ዱላቸውን ድንገት ‹ጮ› ላይ ሲያሳርፉት፣ ከ‹ጨ› ጀምሬ ጣቴን እያጠፍኩ ካልቆጠርኩ በስተቀር አላውቀውም ነበር። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልተማርኩም። ከዚህ ያዳኑኝ በሰፈራችን የነበሩት የኔታ ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቀው ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቀምጣል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ የሚሄደውን። በአቡጊዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ተነባቢውም አናባቢውም ስለሚለወጥ የቃል ጥናት አያድንም፤ ፊደሉን በመልኩ ያላወቀ ተማሪ ወዲያው ይጋለጣል። እርሱን ያለፈ ልጅ ወደ ገበታ ሐዋርያ፣ ወደ ዮሐንስ መልእክት ንባብ ይሸጋገራል። የዛሬ ሊቃውንት በትልልቅ ጥናት የደረሱበትን ነገር የኔታ በአንዲት የስንደዶ መጠቆሚያ ይሠሩት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (ልምጫቸውን ግን አላወድሰውም።)

ለዚህ ትምህርት መሣሪያውን ያቀረበው ደግሞ በአብዛኛው መንግሥት አልነበረም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የሚባሉ አንድ ሰው በማተሚያ ቤታቸው ያተሙት የፊደል ገበታ በርካሽ ዋጋ እየተሸጠ ከከተማ እስከ ገጠር ደረሰ። አንዲት ወረቀት ናት። ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ በዛፍ ጥላ ሥርም፣ በእኛ ቤት ግድግዳም ላይ ያው አንዲት ወረቀት ነበረች።

አፋን ኦሮሞም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ከባርነት ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እርሳቸውን ከመሰለች ከባርነት ከተረፈች ወጣት፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው ምንኩሉ የአፋን ኦሮሞ የፊደልና የንባብ መማሪያ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ከመውጣቱ 5 ዓመት ቀደም ብሎ። መጀመሪያ ልጁ ቃል መፍታት እንዳለበት ገብቷቸው ነበር። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። በኋላ ሼኽ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለቋንቋው የራሱን ፊደል ቀረጹለት፤ የ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንደገና በግዕዝ ፊደል አስተማረ፤ በመጨረሻም በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ጉባኤ ቁቤ ጸና። የአናባቢው መርዘምና የተነባቢው መጥበቅ ዋነኛ መከራከሪያ ነበሩ። ክርክሩ መሠረት አለው፤ ‹ገሌ› በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ‹ገባ› ይሁን ‹ገባን› አይለይም። አማርኛም ከዚህ አላመለጠም፤ ‹ገና› ብዬ ስጽፍ በዓሉን ይሁን ‹ገና ነው›ን አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚገምተው። ሆኖም ፊደል መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ የተመረጠውን ፊደል በሕፃኑ እጅ ማስገባት ሌላ ነገር። በመጀመሪያው ላይ ሠላሳ ዓመት አልፎን ተከራክረናል። ሁለተኛውን ለማዳበሪያዋ ባለቤት ትተነዋል።

የ2009ን ውዝግብ ታስታውሱ ይሆናል። በአዲሱ የአንደኛ ክፍል አፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቁቤ ከ‹ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ› ይልቅ በ‹ኤል› በሚጀምር ቅደም ተከተል መቅረቡ ሲሰማ ማኅበራዊ ሚዲያው ተቀጣጠለ። ትውልድን ለማምከን የተሸረበ ሤራ ነው ያሉ ነበሩ፤ የቁቤ መፍረስ መጀመሪያ ነው ብለው የተደሰቱም አልጠፉም። የትምህርት ባለሙያዎቹ ምክንያት ቀላል ነበር፦ በቋንቋው አዘውትረው የሚመጡት ፊደላት ቢቀድሙ ልጁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትርጉም ያለው ቃል ማንበብ ይችላል። ስህተታቸው ይህን ለወላጅ ቀድሞ አለማስረዳታቸው ነው፤ በፊደሉ ምክንያት ብዙ ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ፊደሉ ሲነካ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኔ የማዝነው በሌላው ነው። ከተቆጣነው መካከል ስንቶቻችን ነን መጽሐፉን ገልጠን ያየነው? ስንቶቻችንስ ነን መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ እንደሚደርስ የጠየቅነው? ስለ ተራ ቁጥሩ ተጣልተን ፊደሉ ራሱ በክፍሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ረሳነው።

‹‹ችግሩ ላቲኑ ነው›› የሚሉ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ በዚህ ገጽም ሳይመልሱልኝ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2010 በ6 ቋንቋዎች፣ 13,000 ያህል የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ሕፃናትን ይዞ የተካሄደው የንባብ ምዘና ግን እንዲህ ላለው ቁርጥ ፍርድ አይመችም። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በላቲን ከሚጽፉት መካከል የሲዳማ ሕፃናት ውጤት እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን፣ በዚያው ላቲን የሚጽፉት የሶማሌ ሕፃናት ከእነርሱ በብዙ የተሻሉ ነበሩ። በግዕዝ ፊደል ከሚማሩትም አንዲት ቃል ያላነበቡ በርካቶች ነበሩ። ፊደሉ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በፊደል ይከፈል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደንግጦ ነበር። ኩረጃ ነው፣ መምህር ነው፣ ፖሊሲ ነው ተባለ። እነዚያ ተፈታኞች ግን ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ያ ምዘና በተካሄደበት ጊዜ ግድም ነው። ቃል መፍታት ሳይችሉ ወደ ሦስተኛ ክፍል የተሻገሩ ሕፃናት አሥር ዓመት ቆይተው ፊታችን ቆሙ።

ገንዘቡ የት ነው? የወረዳ ትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ መሆኑን በቢሮው ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ከደመወዝ የተረፈችው ለጠመኔና ለመዝገብ እንኳ አትበቃም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች እርዳታ የመጣው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ድጎማ አመጣ፤ ለአንድ ልጅ በዓመት የሚደርሰው በአሥሮች የሚቆጠር ብር ነው። ያም ቢሆን ብዙ ቀዳዳ ደፍኗል። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ወረቀትና ማርከር በምን ዋጋ እንደሚሸጥ ሱቅ የገባ ያውቀዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲተገበር መጽሐፉ በወቅቱ አልደረሰም፤ መምህራን በቴሌግራም የሚዞር ቅጂ በስልካቸው እያዩ ሰሌዳ ላይ ይገለብጡ ነበር። ስልክ ለመምህር ይሆን ይሆናል፤ ለ68 ሕፃናት ግን ገበታ አይሆንም።

የአፋን ኦሮሞና የአማርኛን ጨምሮ በ7 ቋንቋዎች የተዘጋጁት የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በአሜሪካው የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ እገዛ እንደተሠሩም መርሳት አይገባም። እኔ ጌዶ በነበርኩበት በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ በሰኔ መጨረሻም ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ለሰጡን ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ስለ ፊደላችን ሉዓላዊነት ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንሟገት ሰዎች፣ የፊደል መማሪያችንን ወጪ ለሌላ አገር ግብር ከፋይ ትተንለት መኖራችን አያሳፍርምን?

አንድ ነገር ልጨምር፤ በቆርኪው ተደስታችሁ እንዳትቀሩ እፈራለሁና። ‹‹የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ከሚገኝ ነገር ይሠራ›› የምትል መመሪያ አለች። ጥሩ መመሪያ ናት። ሆኖም በየስብሰባው ሲያነሷት እንደምሰማው ትርጉሟ ‹‹በጀት የለም፣ መምህሩ ይቻለው›› ሆኗል። መምህርቷ ቆርኪውን ስታሳየኝ አመሰገንኳት። መልሷ አጭር ነበር፦ ‹‹ማርከሩን የገዛሁት ለልጄ ደብተር ካስቀመጥኩት ነው።›› ይህን ከሰማሁ በኋላ ፈጠራዋን እያደነቅሁ ብቻ መጻፍ ነውር ሆነብኝ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። 68 ልጆች ሰባት ሰባት ሆነው ቢቀመጡ ለአንድ ክፍል 10 የፊደል ከረጢት ይበቃል። ከረጢቱ ግን እንደ እኔ ሳጥን 26 ፊደል አይያዝ፤ አናባቢው የበዛ፣ ቁቤ ደቻው በአንድነት የተቆረጠ፣ በየቋንቋው ድግግሞሽ ልክ የተቆጠረ ይሁን። ለአማርኛ ክፍል ሌላ ነው፤ 231 ካርድ ከመበተን ይልቅ ተራ የተከተለ ገበታና አቡጊዳ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ይሻላል። ይህን በጠንካራ ካርቶን ለማተም አምቦ ያሉ ማተሚያ ቤቶችም አያንሱም። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁራንም ስሌቱን ቢያወጡ የሴሚስተር ሥራ አይሆንባቸውም። የኦሮሚያ ክልል በቡኡረ ቦሩ ስም የቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ ጉልበት መሥራቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ምን ይሰቀላል? ለአንድ ቀን ዐውደ ጥናት የሚታተመው ባነር፣ ካናቴራና ኮፍያ ወጪው ወደዚህ ቢዞር የስንቱን ክፍል ከረጢት እንደሚሞላ የፋይናንስ ሰዎች ያስሉት። የቁቤው ተስፋ ገብረ ሥላሴስ እስካሁን የት ቀረ?

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በሰፈሬ ካለ ግሮሰሪ ቆርኪ አስቀማጭ ሆንኩ፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ለዕጣ መስሎት ነበር። ሁለት ፌስታል ሞልቶ በሚያዝያ ላክሁ። አንድ ጠርሙስ ቀይ ቀለምም ጨመርኩበት፣ ለ‹አ›።

በጥቅምት 2018 ወደ እህቴ ስደውል መምህርቷ ወደ ሌላ ቀበሌ ትምህርት ቤት እንደተዛወረች ነገረችኝ። ማዳበሪያውን ይዛው ሄዳለች፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ አልተመዘገበም፣ በገንዘቧ የሠራችው ነው። በእርሷ ቦታ የተመደበው ወጣት መምህር ጠመኔና የመምህር መመሪያ ተረክቧል። ግድግዳው ላይ የፖሙ ሥዕል አለ።